ጨው ቀማሹ

አዌቱን ተሻግሮ፣ ከቦሳ ወዲያ ማዶ፣
ከአደ ዘምዘም ግቢ አንዲት ክፍል ወስዶ፣
ስድስት ዓመት ኖረ ሚስተር ፕራዳን፣
በአንድ ሰሌን፣ በአንድ ጣሳ፣ በአንድ ኩራዝ ብርሃን።

እኛ ተማሪዎቹ፣ «ህንድ ላም ያመልካል» ሲባል የሰማን፣
ጣዖቱን ልናይ በመስኮት ተንጠራራን።
ግድግዳው ባዶ ነው።
ምስል የለ፣ ሐውልት የለ፣ ሻማ እንኳን የለ፤
የክረምት ፍሳሽ በኖራው ላይ የሣለው
የማናውቀው አገር ካርታ ብቻ አለ።

ጎህ ሲቀድ ይወጣል።
ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ደረቱን ለጭቃ፣
ሰባት ጊዜ ይሰግዳል ሰፈሩ ሳይነቃ።
የጅማ ዝናብ መቼ ሰው ይመርጣል?
ሸሚዙን አጥቦ፣ በገላው አድርቆ፣
ከደወል በፊት ክፍል ይገባል።

ነዚፍ ነው የጠየቀው፣ ያ ምላሱ የማያርፍ፦
«ሚስተር፣ አምላክዎ የት ነው? ቤትዎ ውስጥ የለም!»
ጠመኔ አነሣና አንዲት ነጥብ አኖረ።
«ይህች ምንድን ናት?»
«ነጥብ!» አልን በአንድ አፍ።
«አይደለችም። ጠመኔ ናት።
ነጥብ ርዝመት የላት፣ ስፋት የላት፣ አትዳሰስ፣ አትጻፍ፤
መስመር ሁሉ ግን ከእሷ ይነሣል።»
በመዳፉ አበሳት።
«የእኛም እንዲሁ ነው። ስሙ ‹አለኽ› ይባላል፤
‹የማይጻፍ› ማለት ነው፣ በመንደሬ ቃል።»

ከዚያ ስለ ታላቅ ወንድሙ አወራን፦
የዛፍ ልጥ ታጥቆ ከቤት ስለ ወጣው፣
ገንዘብ ስለማይነካው፣ የንጉሥ ቤት እህል ስለማይቀምሰው፣
ለምኖ ስለሚበላው፣ በአንድ መንደር
ሁለት ሌሊት ስለማያድረው።
ወደ ሰሌዳው ዞሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣
«እኔ ፈራሁ» አለ። «ልጡ ያሳክካል።
ደመወዝ መረጥሁ።»
ሳቅን። እሱ አልሣቀም።
ከወንድሙ ሥርዓት የያዛት አንዲት ናት፦
ጀምበር ከገባች እህል አይቀምስም።

ረመዳን ገባ።
በመጀመሪያው ማታ፣ አዛን እንዳለ፣ አደ ዘምዘም
የአጃ ሾርባ ላከች፣ የምስር ሳምቡሳ ደርባ።
እጁን ገጥሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መለሰው።
«ምግቤን ተጸየፈው!»
ሦስት ቀን በበሩ አለፈች ሰላም ሳትለው።

በአራተኛው ቀን፣ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር፣
ማማሰያ ይዛ ቆማለች ከምድጃው ዳር፤
አንደበቷ ጾም ነው፣ ጨዉን በምን ትወቀው?
እሱ ደግሞ ከደጁ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ከሰማይ፣
እራቱን ይጣደፋል ጀምበር ሳትቀድመው።
ተያዩ።
ምን እንደገባት እንጃ።
«ሚስተር! ና፣ ቅመስ!»
ቀመሰ። ሁለት ጣቱን ገጥሞ
ትንሽ ጨምሪ አላት በምልክት።
ጨመረች።

ከዚያ ወዲያ በየረመዳኑ
የእሱ ጾም ሲጀምር የእሷ ይፈታል።
ማንቆርቆሪያው አንድ ነው፤
የበላውንም እጅ፣ ሊበላ ያለውንም እጅ
ያው ውሃ ያስታጥባል።
«ካፊር ታበያለሽ» የሚላት ቢመጣ፣
ነጠላዋን አጥብቃ፣ እንደ ንብ ተቆጥታ፦
«ዝም በል! በየንጋቱ ‹አለህ፣ አለህ› ሲል
በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»
የቃሉን ፍቺ አውቅ ነበር። አላረምኋትም።
እስከ ዛሬም ማን እንደተሳሳተ አላውቅም።

ውሉ አለቀ፣ ሄደ። ሰሌኑን እንኳ ትቶ፣
ወንድሙ አንድ ሌሊት በሚያልፍባት ከተማ
ስድስት ዓመት አድሮ፣ ስድስት ዓመት ነግቶ።
ክፍሉን የያዘው ልጅ ጣራው ላይ ዲሽ ሰቀለ፤
ግድግዳው ተቀባ፣ ካርታውም የለ።

ሰሌዳው አሁን የእኔ ነው።
ነጥብ አኖርና «ይህች ምንድን ናት?» እላለሁ፤
ማጥፋቱ ላይ ግን እጄ ይዘገያል።

ትናንት አደ ዘምዘም ቤት አፈጠርን፤
ዓይኗ ደክሟል፣ ድምፅዋ ያው ነው።
ሾርባው ጨው በዝቶበታል።
ጨረስነው፣ ማንም ምንም ሳይል።