ቀጭ

ያን ክረምት ሐይቁ እስከ ወደቡ አፍ በረዶ ነበረ፣
ማዕድን ጫኙ መርከብ ሁሉ ከዱሉት ዳር ቆሞ አደረ፣
እኔም ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ጋውኔ በአሚዶ የከረረ፣
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ሥራዬ ስላይድ መቀየር ነበረ።
ቀጭ ሲል ማሽኑ፣ አንድ ሥዕል ማሳለፍ፣
ዶክተሩ ከጨለማው ማዶ ቁልፉን እስኪነካ ማረፍ።

ሰውዬው አርቮ ኒስካላ፣ ከወደቡ ሚዛን ማዕድን ይመዝናል፣
ቶን ከቶን ለይቶ ያውቃል፣ ኪሎ ቢጎድል ይጽፋል።
እናቱ ናት ያመጣችው፤ ከበር ቆማ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምቃ፣
«ሲሻለው ደውሉልኝ» አለችን፣ ድምፅዋን ከጉሮሮዋ ፈልቅቃ።

ሕመሙ? ወንድ ሆኖ ወንድ መውደዱ።
ቃሉ በመዝገቡ ረዝሞ ቢቀጠል፣ ይኸው ነው ግንዱ።
ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፣ እብጠት አልታየም በክንዱ፤
ምልክት ቢኖር እኛ ያኖርነው ነው፤ ሽቦው ያለፈበት መንገዱ።

ቀጭ። ከውሃ የወጣ ጎልማሳ፣ ፀጉሩ ሲንጠባጠብ።
ቁልፍ። የአርቮ እጅ ከወንበሩ ዘለለ፣ እንደ ዓሣ ከመረብ።
ቀጭ። አበባ ያቀፈች ሴት፣ ከሱቅ ካታሎግ ተቆርጣ የወጣች፤
ምንም። ዝም። እንድትወደድ ተብሎ፣ ባለማሳመሟ ብቻ የተመረጠች።
በቀን መቶ ሃያ ጊዜ። ቆጣሪው እኔ።
ምሳዬንም እዚያው በላሁ፣ እንቁላል በዳቦ፣ ሳይርድ ጎኔ።

ወጌሻ ያልተሰበረ እግር ቢያመጡለት ይሰብራል፣
ያሻል፣ ያስራል፣ ሰውዬው ሲያነክስ «ጠገንኩ» ብሎ ይኩራራል።
እኛም ካልበላው አከክን፤
ደም ሲመጣ፣ «ይኸው፣ አላልንም?» አልን።

መጋቢት ላይ ዶክተር ስቶክዌል ጠየቀው፦ «አሁንስ?»
አርቮ ጣሪያውን አየ። ሽቦውን አየ። እኔን አየ።
«ሴት አምሮኛል» አለ፣ ያላጠናውን ትምህርት እንደሚመልስ ልጅ።
በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ጻፍኩ፦ ዳነ።
እናቱ በስልክ አለቀሰች። በሳምንቱ በረዶው ተተረተረ፣
መርከብም ወጣ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ሆነ።

ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ታኅሣሥ፣ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ፦
ትልልቆቹ ሐኪሞች ተሰብስበው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ ከደዌዎች ዝርዝር ሰርዘውታል።
ማንም ኪኒን አልዋጠ፣ ማንም መርፌ አልተወጋ፤
በቀለም የገባ ደዌ በቀለም ወጣ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።
ጋዜጣውን አጣጥፌ ከምድጃው ጎን አኖርኩት፣ እሳት ለማያያዣ።
እንጨት ፈለጥኩ። ከሚያስፈልገኝ በላይ ፈለጥኩ።

ባለፈው መስከረም፣ በወደብ ሠራተኞች አዳራሽ፣ አንድ ጡረተኛ ሲሸኝ፣
ስላይድ አሳዩ፤ ድንኳን፣ ጀልባ፣ የልጅ ልጅ፣ የተንጠለጠለ ዓሣ።
ከፊቴ ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል፣ ፀጉራቸው የሸበተ።
ቀጭ። የአንደኛው ቀኝ እጅ ከጉልበቱ ዘለለ።
ቀጭ። ዘለለ።
ሥዕሉ እኮ ሐይቅ ብቻ ነው! ሐይቅና ሰማይ!

ያን አዘላለል ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ነኝ፤
እኔና፣ ለካ፣ ከጎኑ ያለው ሰው፤
ዓይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል መዳፉን አምጥቶ ከአንጓው ላይ አኖረ፣
እንደ ሚዛን ድንጋይ፣ ክብደቱን ሁሉ፣ ጭኖት ቀረ።
ሥዕሉ ሰማንያ ነበር። ቆጠርኩ፤ ሌላ ሙያ አልተማርኩም።
ሰማንያ ጊዜ ቀጭ አለ፤ መዳፉ አልተነሣም።

ዳነ ብዬ ነበር የጻፍኩት። ቃሉ ልክ ነው፣ አልሰርዘውም፤
ከምን እንደ ዳነ ግን ያን ጊዜ አልጻፍኩም፣
ከእኛ ነው፤ ከቁልፉ፣ ከዶክተሩ፣ ከእኔ እንቁላል በዳቦ።

መብራቱ ሳይበራ ተነሥቼ ወጣሁ።
ኮፍያዬ እዚያው ወንበር ላይ ቀረ፤
እስካሁን ሄጄ አልጠየቅሁም።