አውጫጪኝ፣ ስድስተኛ ፎቅ

ሊፍቱ ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል፤
በእግሬ ስወጣ ትንፋሼ ቀርቶ፣ ቦርሳዬ ብቻ ቢሮ ገብቷል።
ከመስኮቱ በታች ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ተዘርግቶ፣
ታክሲው ወደ ለገሃር ይንከባለላል፣ ጥሩምባውን ነፍቶ።

ጠረጴዛዬ ላይ የውሃ ቢል፤ በቀይ የተሰመረ፤
ያልተጠጣ ውሃ ቆጥሮ፣ በሰው ስም ያሳደረ።
ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ከእሪ በከንቱ፤
አንድ ቧንቧ ነው፣ እሱም በሳምንት ሁለቴ ነው መምጣቱ።
እሪ አሉ፤
እንደ ሰፈሩ ስም ሆነ፣ በከንቱ።

ቆጣሪ አንባቢው ስንሻው ታገደ፤
«እጁ ነው ያሳሳተው» ተባለ፤ ሳይጠየቅ ተፈረደ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከአጥር አጥር፣ ከውሻ ውሻ አልፎ፣
የቆጣሪ አቧራ በእጅጌው ጠርጎ፣ ቁጥር በእርሳስ ጽፎ።

ድሮ ዕቃ ሲጠፋ፣ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር፤
ልጁ መድኃኒት ይጠጣና፣ እየተንገዳገደ ሲዞር፣
የወደቀበት ደጃፍ፣ ያ ቤት ወንጀለኛ፣
ያ ባለቤት ከፋይ፤ ይግባኝ የለ፣ የለ ዳኛ።
ስብሰባችንም እንዲያው ነበር፤ ክሱ ተንገዳግዶ፣ ተንገዳግዶ፣
የወደቀው ስንሻው ደጅ ነው፣ አጥሩ አጭር መሆኑን ለምዶ።

እኔ ግን ማታ፣ ሰው ሲበተን፣ ሌላ መርማሪ አስነሣሁ፤
አውጫጪኝ እንደሚቀመጥ አገር፣ ፕሮግራሙን በሙሉ ጠራሁ።
በፋንክሽን ብቻ የተሠራ ነው፤ ጓዳ የለው የሚደብቀው፤
ትናንትን አያስታውስም፤ ቂም አያውቅ፣ ዘመድ የለው፤
ያው ቁጥር ከገባ፣ ያው ቁጥር ይወጣል፤
መብራት ሄዶ ቢመጣ፣ ሹም ቢቆም በደጁ፣ ቃሉ ያው ይሆናል።

ሕጉ አጭር ነው።
የተሳሳተውን ያዝ፤ ማንን ጠርቶ ያን እንዳለ ጠይቅ፤
የጠራቸው ሁሉ ልክ ከሆኑ፣ ጥፋቱ እሱው ጋ ነው፣ አትራቅ፤
ካልሆኑ ውረድ።

አብዛኛውን ራሱ ይፈርዳል፣ ከድሮ ቢሎች አመሳክሮ፤
የቸገረውን ብቻ ወደኔ ይልካል፣ ጥያቄ አሳጥሮ።

ጠቅላላ ሂሳብ፤ ልክ ነው?
አይደለም።
ታሪፍስ?
ልክ ነው።
የቆጣሪ ኪራይ?
ልክ።
የቆጣሪ ንባብ?
እዚህ ጋ እጄ ቆመ።
የስንሻውን ደብተር ገለጥሁ፤ ጠርዙ ሻጋታ ይሸታል፤
ሰባት ሲጽፍ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያሰምራል፣ ከአንድ እንዳይምታታ።
ልክ። እስከ ነጥቡ ልክ።
የቀን አማካይ?
ልክ።
የወሩ ቀናት፦ ጳጉሜን፣ ሠላሳ። ልክ ነው?

ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይጠብቀኛል።
መልሱን ሕፃን ያውቀዋል፤
አምስት፤ በዘመነ ሉቃስ ስድስት።

ከዚያ በታች የሚጠራ የለም። ሁለት መስመር ብቻ፦
መስከረም፣ ሠላሳ።
የቀረው ሁሉ፣ ሠላሳ።
ያቺን የዓመት ምራቂ ከትልልቆቹ ጋር ጠቅልሎ ያሰራት
ሰው ስሙን ከጎኑ ጽፏል።
የኔ ስም ነው።

ማረሙ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ሆነ።
የእገዳውን ደብዳቤ መሻር ግን ሰባት ፊርማ ይፈልጋል፤
እዚያ መርማሪዬ አይገባም፤ እዚያ ሁሉም ያስታውሳል፣ ሁሉም ይቀየማል፤
ያው ጥያቄ ማለዳ ሲገባ «ነገ»፣
ከሰዓት ሲገባ «ማነሽ አንቺ?» ይወጣል።

በስልኬ መብራት ፎቅ በፎቅ ስወርድ፣ ሦስተኛው ላይ ደወልሁለት።
«ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ነኝ» አለ፤
«ቆጣሪ የሌለው ውሃ አያለሁ።»
ነገርሁት፤ ስለ ሠላሳው፣ ስለ ሁለቱ መስመር፣ ስለ ስሜ።
ዝም አለ። አንድ አውቶቡስ በጆሮው በኩል አለፈ።

«ጳጉሜን?» አለ። «ጳጉሜን እኮ አምስት ናት፣ ልጄ።
ማን ጠየቀኝ?»