የሙቀት ሂሳብ

ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ላብ ሲያጥበኝ አድጌ፣
ወደ ሐረር ተዛወርኩ፣ አንድ ጃኬት አድርጌ።
ደብዳቤው «ሂሳብ ሹም» ይላል፣ ስለ ብርድ ግን አያወሳም፤
ደንገጎን ስንወጣ ነው ጆሮዬን የቆነጠጠኝ፣ አልረሳም።

ታኅሣሥ ነው። ቀኑ ፀሐይ፣ ሰማዩ ጥርት፣ የዋህ መሳይ፤
ሌሊቱ ግን ሌላ ሰው ነው፣
ቆርቆሮዬን እየላሰ እስኪነጋ የማይለይ።

ክፍሌ ከአው ቡሽራ ቤት የተለጠፈች ናት፣ በፈላና በር በኩል፤
ሦስት ጎኗ ብሎኬት፣ አንዱ የጥንት ድንጋይ፣
ትልቅ ሰው ትከሻ ላይ እንዳንቀላፋ ሕፃን
ወደ አሮጌው ቤት ዘንበል።

መጀመሪያ ገዛሁ።
ማሞቂያ፣ እንደ ተቆጣ ዓይን የሚቀላ፣ ባለ ሁለት ሽቦ፤
የቆጣሪው ካርድ በሳምንቱ አለቀ።
የመሥሪያ ቤት ወጪ የምጠብቅ ሰው
የራሴ ኪስ በፊቴ ተሰረቀ።

ከዚያ ከሰል።
(ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።)
ማንደጃውን አስገብቼ፣ በሩን ጠርቅሜ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣
ሞቀኝ። ደስ አለኝ።
ቀጥሎ ጭንቅላቴ የሌላ ሰው ሆነ፣ እግሬ ከዳኝ፤
በሩን በክርኔ ገፍቼ ደጃፍ ላይ ወደቅሁ፣
ኮከቡ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ።

አው ቡሽራ በሽርጥ፣ ባትሪ ይዘው ወጡ፤
አርባ ዓመት ግድግዳ ሲያቆሙ የኖሩ ግንበኛ ናቸው።
ማንደጃውን በእንጨት ጎትተው ወደ ግቢ አወጡና
«የተዘጋ በርና የቀላ ከሰል» አሉኝ፣
«አብረው ካደሩ፣ ሦስተኛው አያነጋም።»

በማግሥቱ አመሻሽ ሻማ ይዘው መጡ፤ መብራት ሳይጠፋ ሻማ!
በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ሥር፣ ቆርቆሮው ከግድግዳ በሚጋጠምበት
ነበልባሏን ቀስ አድርገው አዞሯት።
ቀጥ ብላ ቆይታ ድንገት ስታጎነብስ፣
«ይኸው ሌባህ» ይላሉ፣ «በዚህ ነው የሚገባው ነፋስ።»
አሥራ አንድ ሌባ ቆጠርን፣
እኔ በደብተር፣ እሳቸው በጣት።
«ሙቀት አይገዛም ልጄ፤ ቀኑ በነፃ ይሰጥሃል፣
ያንተ ሥራ አለማፍሰስ ነው።
ቀዳዳ እንስራ፣ ወንዝ ቢያቀርቡለት መች ይሞላል?»

ጭቃ በገለባ አቦካን፣ ሻማዋ ባጎነበሰችበት ጠቀጠቅን።
የስኳር ማዳበሪያ ተርትረን፣ በጆንያ መርፌ ሰፍተን
ኮርኒስ ወጠርን፤ ከላዩ ካርቶን፣
የብስኩት፣ የሳሙና፣ የቴሌቪዥን።
(ዛሬም ስጋደም፣ ስፌቱ በሳተበት በኩል
«ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚል ጽሑፍ ቁልቁል ያየኛል።)
አሮጌ ሱሪዬን በአሸዋ ሞልቼ በሩ ሥር አጋደምኩት፤
ባለ ሁለት እግር ዘበኛ፣ ደመወዝ ጠይቆኝ የማያውቅ።

መጋረጃ ጠዋት ይገለጥ፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋ።
ውሃ የሞላ ሃይላንድ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ፀሐይ ላይ ይዋል፣
ማታ እግሬ ሥር ይግባ።

እናቴ ከገንደ ቆሬ ስትደውል ነው የገባኝ።
ቀትር ላይ መስኮት ስትጠረቅም፣
እርጥብ አንሶላ በር ላይ ስታንጠለጥል፣
ሌሊት ሁሉን በርግዳ ነፋስ ስትለምን አይደል ያሳደገችኝ?
ያው ሂሳብ ነው፤ መደመሩ መቀነስ ሆኖ እንጂ።
እሷ ፀሐይን ታባርራለች፣
እኔ እዚህ ደብቄ አሳድራታለሁ።

አሥራ አንደኛዋን ቀዳዳ ግን እንዳልደፍን ከለከሉኝ፤
ጣሪያው ሥር፣ ጡጫ የምታህል።
«ቤትም ይተንፍስ» አሉ።
ሲወጡ ደግሞ፣ እንደ ረሳ ሰው ከደጅ ተመልሰው፣
«አልጋህን ወደኔ ግድግዳ አስጠጋ።»

አስጠጋሁ። ድንጋዩ ክንድ ከስንዝር ይወፍራል፤
ቀን የዋጠውን ፀሐይ
ሌሊት እንደ በሬ በዝግታ ያመነዥካል።
በወዲያ በኩል እሳቸው ተደግፈው ያነባሉ፤
ጀርባቸው ባረፈበት ለብ ይላል፣
ወይም ይመስለኛል።

ዛሬ የወሩን ወጪ ዘጋሁ፦
መብራት፣ ትንሽ። ከሰል፣ የለም። ጭቃ፣ በነፃ።
አንድ መስመር ክፍት ቀረ፤
ከግድግዳው የገባውን በየትኛው አርዕስት እንደምመዘግብ
ብዕሬን ይዤ ቆየሁ።

አው ቡሽራ ሳሉ።
እኔም መልሼ ሳልኩ።