ባሕሩን መቀነስ

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በታንክ ሆድ ሥር ኖርኩ፣
ከአታካማ በረሃ አሸዋ ተማርኩ፤
ማጣሪያ እያራገፍኩ፣ ግራሶ እየቀባሁ፣
ብረት ያዥ ተብዬ ብረት ፈቺ ወጣሁ።
ስሰናበት ከጦሩ ወረቀት ሰጡኝ፣
ጉልበቶቼ ግና ቀድመው ተሰናብተውኝ።

ካላማ ሁለት ዓመት፣ ከማዕድን መኪና ጋር፣
ጎማው ቤቴን የሚበልጥ፣ ደሞዙ ከወር የሚያጥር።
ሮሳልባ ናት ያየችው፣ ጋዜጣ ላይ፣ ዓሣ ተጠቅልሎ፦
«ባሕር ኃይል ይፈልጋል፣ ናፍጣ የሚያውቅ» ብሎ።
«የዕድሜው ጣራ ሠላሳ አምስት፤ አንድ ቀርቶሃል» አለች፣
ዓሣውን ጠበሰች፣ ወረቀቱን ቀድዳ አስቀመጠች።

«ሰው ከጦር ወጥቶ ደግሞ የጦር በር ያንኳኳል?»
አለኝ ጓዴ ፋውስቲኖ፤ ምን ተብሎ ይመለሳል?
እውነቱን ለመናገር፣ ደወል ናፍቆኝ ነበር፣
ማለዳ የሚጠራኝ፣ ከሰው መሐል የሚቆጥር።

ታልካኋኖ ዝናብ ነው። «ዋና ትችላለህ?» ቢለኝ
ጸሐፊው፣ «በአታካማ ውሃ የት አግኝቼ ልዋኝ?»
ሳቀ። ማኅተም መታ። ሁለተኛ መሐላ ማልኩ፤
ያው ባንዲራ፣ ያው ቀኝ እጅ፤ እኔ ብቻ አርጅቼ ቆምኩ።

ማይቴ ኦያርዙን፣ በሃያ ሁለቷ አሥር አለቃ፣
ምላሴን እንደ አዲስ መልምላ አስተማረችው ሌላ ቋንቋ፦
«ወለል የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ገመድም የለም እዚህ፤
ሥራ የያዘ ስም አለው። አንተስ፣ ማን ነው ስምህ?»
«ኤሊሴዮ» አልኩ። ጻፈችው። ከፊቱ ምንም የለ፤
«ሃምሳ አለቃ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ ዋለ።
ሃምሳ ያዘዝኩ ሰውዬ ለአሥር ታዘዝኩ።

እግሬም ወታደር ነው፣ መርገጥ ብቻ የሚያውቅ፤
መርከብ ግን አይረገጥም፤ ሲቃና ጠብቀህ ነው የምትዘልቅ።
የመጀመሪያውን ሳምንት ባልዲ አቅፌ አደርኩ፣
የበላሁትንም፣ ያልበላሁትንም መለስኩ።
«የበረሃው ጀግና!» ብለው ልጆቹ ሳቁብኝ፤
እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ፣ ሳቁ ራሱ አስመለሰኝ።

ታች ግን፣ ሞተር ክፍል፣ ያው ናፍጣ፣ ያው ሽታ፣
ያው ፒስተን፣ ያው ቺንጋ፣ ያው የብረት ሁካታ፤
እጄ ቤቱ ገባ። ካቻቢቴዬን አወጣሁ፣
ጫፉን ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሮዬ አጣበቅሁ፤
ከሁለተኛው ሞተር፣ ከሥር፣ የሚያቃስት ሰማሁ።

ፔናስ ባሕረ ሰላጤ። ሌሊት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።
«ኩሽኔታው ሊሞት ነው» አልኩት አለቃችንን ሌውኬንን።
«መለኪያው ደህና ይላል» አለ።
«መለኪያ ምን ያውቃል? አስራ አንድ ዓመት አዳምጫለሁ!» አልኩ፤
ያ ሃምሳ አለቃ በአፌ ሲናገር ሰምቼ ደነገጥኩ።

አልተቆጣም። ሞተሩን አስቆመ። አራት ሰዓት ፈታን፣
መርከቧ በአንድ ሳንባ እያዘገመች፣ እያንገላታችን፤
ማይቴ መብራት ይዛ እያዛጋች።
ኩሽኔታው ወጣ። አበራን። አገላበጥነው፤
እንደ ሙሽራ ቀለበት፣ ቅንጣት ጭረት የሌለው።

ማንም አልተነፈሰ። በዚያው ዝምታ ውስጥ
ያ ማቃሰት መጣ፣ ሞተሩ ቆሞ! ከብረቱ ወዲያ፣ ከውጭ።
ባሕሩ ነበር። ባሕሩ፣ የመርከቧን ሆድ ሲያሽ።

ስድብ ጠበቅሁ። ሌውኬን ባልዲ ገልብጦ ቁጭ አለ፣
ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ የቀዘቀዘ ሻይ አካፈለ፤
«ጆሮህ ጥሩ ነው» አለኝ፣ «በረሃ ነው ያሠለጠነው፤
እዚያ ከሞተር ሌላ ዝም ነው፤ እዚህ ዝም የሚል የለም፣ ስማው።
ባሕሩን መቀነስ ተማር። የተረፈው ነው ሞተርህ።
እኔን ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እንግዲህ እግዜር ይርዳህ።»

ሲነጋ ገጠምነው። መፍቻውን ወደ ሳጥኔ ስመልስ
ከጥጉ፣ ከማጠፊያው ሥር፣ አሸዋ፣ ሽር ብሎ ሲፈስ፤
ከስንት እጥበት ተርፎ፣ ከዚያ ሁሉ ዝናብ፣
ቀላ ያለ፣ ደቃቅ፣ ደረቅ፣ ተበተነ ከእግሬ አጠገብ።
ማይቴ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነክታ አየችኝ፤
«ይኼ ከየትኛው የባሕር ዳርቻ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።
«ዳርቻ የለውም» አልኳት።
መጥረጊያ አቀበለችኝ።