የእንጨት ሽበት

ድሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
ጥላ ራሱ ጥላ በሚሻበት፣
መጋላም ከዚራም በር ዘግተው በሚያንቀላፉበት፣
አንድ ክፍል ክፍት ነው፤ ሳቢያን፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት።

ወንበራችን ፕላስቲክ፣ ከታይዋን ገበያ፣
በጥቅምት ተገዝቶ የሞተ ሚያዝያ።
ስባሪውን ከጓሮ ቆለልነው፣ ሆነ ተራራ፤
ካርቶን የምትበላው የሰፈሩ ፍየል
አሽትታ አለፈችው፣ ፊቷን አዙራ።

ያኔ ጋሽ ሮብሌ መጣ፣ የባቡር ጡረተኛ፣
ሰላምታው ሶማሊኛ፣ ስድቡ ፈረንሳይኛ።
የፉርጎ አግዳሚ ሲጠግን አርባ ዓመት ኖሯል፤
ከአሥር ጣቱ ሁለቱን ለመጋዝ ከፍሏል፤
«የትምህርት ቤት ክፍያ ነው» ይላል።

ከጥግ አንድ ግንድ ነበር፣ አቧራ የለበሰ፣
ከመጣ ጀምሮ ማንም ያልዳሰሰ።
ጎርፍ ነው ያመጣው፣ የዘጠና ስምንቱ፣
በሌሊት ሲገባ፣ ሳይጠሩት፣ ደቻቱ፣
ሰውን ሲወስደው ከነአልጋው፣ ከነቤቱ።
እናቴ በዓመቱ ወለደችኝና «ምትኬ» አለችኝ።
ከእኔ በፊት የነበረውን
ቤታችን ስሙን አይጠራም።

ኢፍቱ «ዋዴሳ» አለችው፣ እኔ «ዋንዛ» አልኩት፤
«ገዳይ ነው» አለ አንዱ። ሁላችን ሸሸን።
ጋሽ ሮብሌ መላጊያውን እየሳለ
ቀና ሳይል እንዲህ አለ፦
«ተራራው ዛፉን ቢለብስ ውሃ በእግሩ ይወርድ ነበር፤
ራቁቱን ስናስቀረው ፈረስ ጋልቦ መጣ።
ይህ ግንድማ
አብሮ ነው የሰመጠው። የሰመጠ ይወቀሳል?»

ርዕሰ መምህሩ «ቺፑድ ይሻላል፣ ያብረቀርቃል» አሉ።
ጋሽ ሮብሌ አልተከራከረም፤ ባልዲ ሞላ፤
ከቺፑዱ ቁራጭ፣ ከዋንዛው ቁራጭ፣ ሁለቱን ነከረ።
በማግሥቱ ቺፑዱ እንደ ገንፎ አብጦ አደረ፤
ዋንዛው ጎኑ ተንሳፏል፣
ውሃን ድሮ ያውቃታል።

ቀለበቱን ቆጠርን፤ አርባ አንድ።
ከመሃል ሃያኛዋ ፀጉር ታህላለች።
«ሰባ ሰባት» አለ ጋሽ ሮብሌ፤ ጣቱን አነሳ፤
ሌላ ቃል አልጨመረም።

እስከዚያ ቀን ትምህርት እንጨት እንጨት ይለኝ ነበር።
ያን ቀን መላጊያውን በሁለት እጄ ገፋሁ፤
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ወጣ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር፤
ማንም ሳያየኝ ጫፉን ቀመስኩት።
እንጨት፣ እንጨት እንጨት አይልም።

«ሚስማር የቸኮለ ሰው ነው» ይለናል፤
«ወንዴውን ከሴቴው ለክታችሁ አጋቡ፣ ትዳሩ ይጸናል።
እግር ሲሰበር እግሩ ብቻ ይለወጥ፤
የማይጠገን ዕቃ
ተሸጠ እንጂ አልተሠራም።»

ሰጋቱራው አናቱ ላይ ሲሰፍር
«የእንጨት ሽበት!» ብለን ሳቅን፣ ከኋላ ሆነን፣ በድፍረት።
ራሱን አራገፈ፤ ግማሹ ረገፈ፣ ግማሹ ቀረ።
«እስቲ የቱ ነው የእኔ?» አለን።

ከአንዱ ግንድ አሥራ ሁለት በርጩማ ወጣ።
ለግንዱ ምትክ አሥራ ሁለት ችግኝ፣ ደቻቱ ዳር።
ሰባቱን ፍየል በላች።
ያችው ናት፣ ፕላስቲኩን የናቀችው።
አምስቱ አሉ። አንዱ ቆልመም ብሏል፣ ግን አለ።

የእኔን በርጩማ ለእናቴ ወሰድኩላት።
ገልብጣ አየችው፤ የቀፊራ ነጋዴ ናት፣
ዕቃ ሳትገለብጥ አትገዛም፣ ከልጇም ቢሆን።
ከመቀመጫው ሥር በመሮ የጻፍኩት ስም አለ፤
የእኔ አይደለም።
ጣቷ ፊደል በፊደል ሄደበት።
ከዚያ ድምፅ አውጥታ ጠራችው፣
አንዴ፣
ደጅ የሚጫወት ልጅ ለምሳ እንደሚጠራ።
መልሳ አቆመችው፤ ተቀመጠችበት።
በርጩማው
አልተነቃነቀም።