ደረሰኝ

ከደምበጫ ገበያ ጀርባ፣ ከጥቁር ውሃ ማዶ፣
ሦስት ሆነን ሄድን፣ ኮሚቴው እኔን ለጸሐፊነት ወስዶ።
አቶ አንማው ሊቀ መንበሩ፣ ጃንጥላውን ተመርኩዞ፣
ልየው ገንዘብ ያዡ፣ ባዶ ቦርሳ ይዞ፣
እኔ ከመዝገቡ ጋር፣ አዲስ እስክሪብቶ ገዝቼ፣
የሠፈሩን ስም ሁሉ በፊደል ተራ አስገብቼ።

እትዬ አትጠገብ ብቅ አለች፣ ጭሱ ዓይኗን አቅልቶት፣
የአረቄው መቃ ሌባ ጣቷን አቃጥሎት።
ተቀመጡ አላለችንም።
«ስንት ጻፋችሁብኝ?» አለች።
«ለድልድዩ ነው፣ ሁለት ሺህ» አልኳት፤ ሣቀች።

«ልጄ፣ ባሌ ሲሞት፣ ያ ክረምት ሲገባ፣
ጣራዬ ሲያፈስ፣ በሬዬ ሲወድቅ ከጉድባ፣
ማን ደረሰልኝ?
ጥንስሱን ጠነሰስኩ፣ ብቅሉን አበቀልኩ፣
ሦስት ልጅ አስተማርኩ፣ ሳንቲም ሳልበደር ኖርኩ፣
የሰው ደጅ አልጠናሁ፣ ለሹም አላጎነበስኩ፣
ይኸን ቤት በመቃ ጠብታ፣ በጠብታ አቆምኩ።
ከወንዙ በዚህ በኩል እኔ ብቻዬን አገር ነኝ፣
ዘበኛውም ዳኛውም እኔ፣ ለራሴው ገባሪ ነኝ።»

አቶ አንማው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስለ አገር ሊናገር ነበር፣
እንደ ስብሰባው ቀን፣ ረጅም፣ ሥሩ የማይታይ ነገር።
እጇን አነሳች።
«ተው፣ አንማው። አገር አገር አትበለኝ፣
ያምናው የትምህርት ቤት ቆርቆሮ የት እንደገባ ማን ነገረኝ?»

ልየው መሬት መሬት አየ።
እኔም የእስክሪብቶዬን ክዳን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ ዝምታው ቆየ።

ያን ሌሊት ሲዘንብ አደረ፤ ጥቁር ውሃ ግራር ነቅሎ፣
የቅዳሜ ገበያ ዋለ፣ ለሁለት ተከፍሎ።
ወዲህ የእሷ ጀሪካኖች፣ ካህያ ጀርባ እንደተጫኑ፣
ወዲያ ጌሾና ገብስ የያዙ፣ ቆመው ሲተዛዘኑ።
ማንም ለማንም አልጮኸ። ውሃው ብቻ ያወራል፣
የራሱን የሚል ሰው ሁሉ በየዳሩ ቆሞ ይቆጥራል።

ውሃው ሲጎድል፣ ሰኞ ጠዋት፣ መጣች ከቀበሌው ደጃፍ፣
ብሯን ቋጥራ በነጠላዋ ጫፍ።
«ይኸው አንድ ሺህ፤ ቀሪው ሲሚንቶ ነው፣ ሦስት ከረጢት፣
እኔው ነኝ የምቆጥረው፣ ሲወጣም ሲገባም ከቤት።
አሸዋ ሲዛቅ እመጣለሁ፣ አካፋ አለኝ።
አገሬ ለማኝ አይደለች፣ እኔም ለማኝ አይደለሁ፣
እንደ ሁለት ነጋዴ እንገናኝ፤ ሰጥቼ እጠይቃለሁ።
አሁን ደረሰኝ ስጠኝ፣
የገበርኩት ሁሉ ግብሩን ያሳየኝ።»

ጻፍኩላት። ካርቦኑ ጣቴን ሰማያዊ ቀባው።
መዝገቡን ወደ ራሷ አዞረች፤
ማታ ማታ ከልጆቿ አፍ በለቀመችው ፊደል፣
ከላይ እስከ ታች ወረደች፣ ስም በስም፣ ሳትቸኩል።
«ያንተስ?» አለች። «ወ ላይ የለህም፣ ዋለልኝ።»
ጸሐፊ ነኛ፤ የሚጽፍ ሰው ራሱን አይጽፍም መሰለኝ።
ደሞዜን፣ የቤት ኪራዬን፣ አንድ ባንድ ቆጠርኩ፣
እሷ ቆማ ጠበቀች።
ሦስት መቶ ብር አልኩ።
«ጻፈው» አለች። ጻፍኩት። «ደረሰኝም ለራስህ ቁረጥ፣
የሌላ ሰው ደጅ ስታንኳኳ እንዳትደነግጥ።»

ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ። ምሰሶው ቆሟል፣ መረማመጃው ገና ነው፣
ብረቱ ወደ ሰማይ ተርፎ፣ ዝገት የሚልሰው።
አቶ አንማው በየወሩ ሂሳብ ያነባል አሁን፣
አትጠገብ ከፊት ተቀምጣ ትሰማለች እያንዳንዱን።
ወረቀቷን ከግድግዳዋ በሊጥ ለጥፋዋለች፣
«ደረሰኝ» ይላል ከላይ፤ ምን እንደደረሳት ግን
ለማንም አልነገረች።

ገበያ ስትሄድ አያታለሁ፣ ዛሬም በውሃው ስትሻገር፣
ቀሚሷን እስከ ጉልበት ሰብስባ፣ ካህያዋ ጋር ስትነጋገር።
ከምሰሶው ስትደርስ ግን፣ ጥቂት ቆማ፣
በጣቷ እንደ ጋን ታንኳኳዋለች፣
ተሰንጥቆ እንደሆን ልትሰማ።