ውል

የጥቅምት ሌሊት ነው፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ
በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል እንደ ምላጭ።
ተረኛ ነኝ ዛሬ። ጋውኔ ሥር ሹራብ፣
ሹራቤ ሥር ደግሞ ያላለቀ ሒሳብ።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየመስከረሙ፣
ቅጹን ያመጡና፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ»፤
ምግብ ይህን ያህል፣ መኝታ ይህን ያህል፤
የበላሁት ሽሮ በብር ተጽፏል፤
የተኛሁበትም የብረት አልጋ
ሲንቋቋ ያደረው ወጥቶለታል ዋጋ።

ብዙአየሁ፣ ከላይ የምትተኛዋ፣
ስትደምር ታድራለች በስልክ መብራቷ፦
«ዕዳው እስኪከፈል ዲግሪው አይሰጠንም»
ብላ አንገቷን ደፍታ ብዙ አትቆይም፣
ትስቃለች ድንገት፣ ከት ከት ትልና፦
«እስከዚያው በኮፒ እናክማለና!»

እኔን የሚከብደኝ የፈረምኩት አይደል።
አባቴ መንዝ ላይ ባና ይሸምናል።
የፋብሪካው ብርድ ልብስ በግማሽ ይሸጣል፤
የእሱ ባና ዘንድሮ ገዢ ይጠብቃል።
አገር ቤት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ
«እንግዲህ አለፈልህ» ለአባቴ ይላሉ፤
እሱ ፈገግ ብሎ ጠጉር ይባዝታል።

የአናቶሚው መጽሐፍ፣ ሦስት ባና። ማዳመጫው፣ አውራ በግ።
አንገቴ ላይ ሳደርገው ለሰው ይመስላል ማዕረግ፤
ጆሮዬ ውስጥ ስሰካው ግን
አስቀድሞ የምሰማው
የበሽተኛ ልብ አይደለም፤
በጉ ነው።

በስልክ ስናወራ ሳል ያቋርጠዋል።
«የጠጉር ብናኝ ነው» ይላል፣ «ያልፋል፣ ያልፋል፤
አንቺ ትምህርትሽን።» እኔም አምነዋለሁ።
ማመን በነፃ ነው፤ እሱን እችላለሁ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ከሞላሌ መጡ፣
አቶ ደግፌ። ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣
ሙሉውን ቢይዙት ሒሳብ የሚጨምር ይመስል።
የጤና መድን ደብተር? «ዘንድሮ አላደስኩም።»
ጀርባቸው ላይ፣ በቀኝ፣ ከታች፣ ምንም አልሰማሁም፤
አየር የማይገባበት፣ ዝም ያለ ሳንባ።
«ፎቶ ያስፈልጋል» አልኳቸው፣ «ይነሱ፣ አባባ።»
«ስንት ነው?»
ነገርኳቸው።
የጋቢያቸው ጫፍ ላይ፣ በቋጠሮው፣ እጃቸው
ጠበቀ።

«አለኝ» አሉ፣ «አለኝ። ግን የእኔ አይደለም።
ልጄ ጎንደር ነው ያለው። እንዳንቺው፣ ለሕክምና።
ሰኞ ሰው ይሄዳል፤ እልክለታለሁና
አንቺ የሚዋጥ ስጪኝ፣ እስከዚያ የሚያቆየኝ፤
ሲመረቅ፣ በገዛ እጁ፣ እሱ ነው የሚያየኝ።»

«ስንት ዓመት ቀረው?» አልኩ።
«ሦስት ብቻ።»
ሦስት ዓመት። በዚያ ሳንባ።
«ልጅዎ ቢሰማ ይህን ብር አይበላም» አልኳቸው።
«ለዚህ ነው የማይሰማው።»
ሳቁ። ሳቃቸው መሀል ላይ ሳል ሆነና ቀረ።

ሳሉን አውቀዋለሁ።
ከመንዝ፣ በስልክ፣ ስንት ጊዜ አድምጬዋለሁ፣
ያለ ማዳመጫ።

ለራጅ ክፍሉ ጻፍኩ። «ከፋይ» የሚለው መስመር ላይ
እስክሪብቶዬ ቆመ፤
ከዚያ የራሴን ስም አሰፈርኩ፣
ደሞዝ ገና ያልያዘ ስም።
ሰባተኛዬ ነው፣ ስፈርም።

ሲነጋ ደወልኩኝ።
ልጅ ሳለሁ፣ ማጉ ሲወሳሰብብኝ፣
«አትጎትቺ» ይል ነበር፣ «ውሉን ፈልጊልኝ፤
ውሉ ከተገኘ ሁሉም ይፈታል።»
ስልኩ ይጠራል።
ይጠራል።
አነሳ። ከ«ደህና አደርሽ» በፊት ሳለ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ሽመናውን ተወውና
እስቲ እንደገና ሳል።
አትዋጠው።
እየሰማሁ ነው።»